በብረቱ ተራራ ሥር

ዓደን በኖርኩባቸው ሁለት ዓመታት ጀበል ሐዲድን አንድም ቀን አልወጣሁትም። የጦር መሣሪያ መጋዘን ስለነበረበት ወታደር ይጠብቀው ነበር፤ ወደ ላይ ማለፍ ክልክል ነበር። ውሏችን ግን እግሩ ሥር ነበር። ከመዓላ ሰፈር ወደ ኾርማክሰር በሚያልፈው መንገድ ዳር ባልዲና ጨርቅ ይዘን መኪና እናጥባለን። ጠዋት ጠዋት ተራራው ለመዓላ ጥላ ይሰጣል። ጥላው ሳይሸሽ ሦስት አራት መኪና ያጠበ የዕለት ጉርሱን አገኘ። ከረፋዱ በኋላ ያለው የዓደን ፀሐይ ጨርቁ ሳይደርስበት ውሃውን ቆርቆሮው ላይ ያደርቀዋል፤ መኪናው ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ይሆንና ባለቤቱ ይቆጣል።

የተራራውን ስም የነገረን ሻይ የሚሸጥልን ሽማግሌ ነው። አብሮኝ ከወሎዋ ሐርቡ የወጣው ልጅ ስሙን ሲሰማ ዙሪያውን አየና “ባቡሩስ የት አለ?” አለ። ለእኛ ሐዲድ ማለት ባቡር የሚሄድበት ነው። ሽማግሌው ድንጋዩን በእጁ መታ መታ እያደረገ “ብረት፣ ብረት” አለን፤ የብረት ተራራ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እኛ ሐበሾቹ “ብረቱ ጋ እንገናኝ” እንባባል ነበር።

መኪና ቁልቁል እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የምናስገባት አንዲት ድንጋይ ነበረችን። ከተራራው የተንከባለለች ናት። ጠቆር ብላ ወደ ቡናማ ትወስዳለች፤ የሰው ጭንቅላት ታክላለች። ገጿ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ቀዳዳዎቹ ግን ክብ አይደሉም፤ የገብስ ፍሬ ይመስላሉ፤ ሁሉም ደግሞ ወደ አንድ ወገን ተጋድመዋል። ስንት ቀን እጄ ላይ እያገላበጥኩ እንዳየኋት አላስታውስም። ያኔ ጥያቄ የለኝም ነበር፤ ዓይኔ ግን ያዛት።

ዓደን የገባሁት በ1996 ዓ.ም. የመሰናዶ ትምህርቴን አቋርጬ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከሐርቡ ተነስተን በኮምቦልቻና በባቲ አድርገን ወደ አፋር ወረድን። ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ጋላፊ። ከዚያ ወዲያ ጅቡቲ ነው። አሳል ሐይቅን አልፈን፣ ታጁራን አልፈን ኦቦክ እስክንደርስ የሄድነው በሌሊትና በእግር ነበር። በዚያ ሁሉ መንገድ ያየሁት የፊቴን ሰው ተረከዝ ብቻ ነው። አሳል አካባቢ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነጠላ ጫማችንን በልቶ ጨረሰው። ከሐብሩ የመጣ አንድ ልጅ እዚያ ቀረ። ውሃ አልነበረንም፤ ልንሸከመውም አቅም አልነበረንም። ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

መስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ነበር። ከእኛ መካከል ክርስቲያኖቹ ሦስት ነበርን። ማታ የምናበራው ደመራ ስላልነበረን ከሥራ በኋላ ሻይ ዓደኒ አዝዘን አገራችንን እያነሳን አመሸን። በዚያው ቀን፣ ከተቀመጥንበት ወደ ምዕራብ በቀጥታ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አፋር ውስጥ ዳባሁ ከተባለው ተራራ አጠገብ ዳዑሬ ላይ መሬት ተሰንጥቆ አመድ ይተፋ ነበር። ዳባሁና ዓደን በአንድ የኬክሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። መሬቱ መንቀጥቀጥ የጀመረው መስከረም 4 ቀን ሲሆን በሦስት ሳምንት ውስጥ በዓለም አቀፍ ጣቢያዎች የተመዘገቡት ጠንካራ መንቀጥቀጦች ብቻ ከ160 በላይ ነበሩ። 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ቅልጥ ዓለት ሰርጎ ገባ፤ መሬቱ በሰፋበት ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ሸሹ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ስማር ነው። ያወቅሁ ዕለት ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በምድር ውስጥ ፈጣኑ ሞገድ፣ ፒ የምንለው፣ ከዳባሁ ተነስቶ ዓደን ለመድረስ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይበቃዋል። እንግዲህ በዚያ መስከረም፣ እኔ መዓላ ቆሜ መኪና ሳጥብ፣ የአገሬ መሬት ሲቀደድ የተነሳው ሞገድ ከእግሬ ሥር ደጋግሞ አልፏል። አላወቅሁትም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ርዕደ መሬትን እንደ ሙያ ሳይሆን እንደ ዕዳ ነው የያዝኩት።

በ1998 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አገሬ ተመለስኩ። መሰናዶዬን ጨርሼ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባሁና ሥነ ምድር መረጥኩ። ጓደኞቼ ወርቅና ነዳጅ አስበው ነበር የመጡት። እኔን የሳበኝ አራት ኪሎ ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ ተቋም ነው። ያንን ተቋም የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን ናቸው። የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ በተሰየመው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ የተቋቋመው የምድርን መግነጢስ ለመለካት ነበር፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ናትና። የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያው ተከትሎ መጣ፤ ከዚያ በኋላ የጣቢያው ትልቁ ሥራ እሱ ሆነ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለን ስለ ዓለቶች ስንማር መምህራችን ከመሳቢያ ናሙና እያወጣ በየእጃችን ያስይዘን ነበር። አንዷ እጄ ላይ ስትደርስ ደነገጥኩ። ጥቁር ቡናማ፣ ቀዳዳዎቿ እንደ ገብስ ፍሬ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የተጋደሙ። ያች የጎማ ድንጋያችን ናት! እርግጥ ናሙናው የመጣው ከስምጥ ሸለቆ ነው፤ መልኩ ግን አንድ ነው። ቅልጥ ዓለት እየፈሰሰ ሲረጋ ውስጡ ያለው ጋዝ አረፋ እንደሆነ ይደርቃል፤ ፍሰቱ አረፋውን ይጎትተውና ያረዝመዋል። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ የተጋደሙበት አቅጣጫ ፍሰቱ የሄደበት አቅጣጫ ነው። ሁለት ዓመት በእጄ ሳገላብጣት የከረምኩት ድንጋይ መንገዷን ገጿ ላይ ጽፋ ይዛ ነበር።

ዓደን ራሷ እሳተ ገሞራ መሆኗን የተማርኩትም ያኔ ነው። ክሬተር የሚባለው አሮጌው ከተማ ስሙን ያገኘው ከቦታው ነው፤ ሰዎቹ ቤት ሠርተው፣ ገበያ አቁመው፣ ልጅ ወልደው የሚኖሩት በጠፋ እሳተ ገሞራ ሆድ ውስጥ ነው። ከ500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሸምሳንም ሆነ የኛ ጀበል ሐዲድ የዚያው አካል ናቸው። ባሕሩን ይዞ ከዓደን እስከ ባብ ኤል መንደብ የሚዘልቅ የእሳተ ገሞራ ሰልፍ አለ። እንግሊዛዊው ኢያን ጋስና ባልደረቦቹ ድንጋዩን ከመረመሩ ወዲህ ዕድሜው ተለይቷል፤ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። ከነዚህ አንዱ ጀበል ኸረዝ ነው። ባሕር ተሻግረው የመን የገቡ ስደተኞች የሚሰፍሩበት የኸረዝ ካምፕ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው።

በኅዳር 2003 ዓ.ም. ደግሞ የዓደን ባሕረ ሰላጤ ራሱ ተናገረ። ኅዳር 5 ቀን በምዕራባዊው ባሕረ ሰላጤ ወለል ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንዳንዶቹ ከ5 መጠን ያለፉ ነበሩ። ወራት ቆየ። ባሕሩ ሥር ቅልጥ ዓለት ስንጥቅ ከፍቶ እየገባ ነበር፤ ማለትም የባሕር ወለል ዓይናችን እያየ ይሰፋ ነበር። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ የሞገዱን መስመር ስመለከት ያየሁት ከኦቦክ የተሻገርንባትን ጀልባ ነው። በዚያ ውሃ ላይ በሌሊት፣ ሰማንያ ሰው ሆነን፣ ጉልበታችንን ደረታችን ላይ አጣጥፈን ተሻግረናል። ከሥራችን ያለውን ማን ነገረን?

እሳተ ገሞራን በመንቀጥቀጥ ማጥናት ማለት፣ በቀላሉ ልናገረውና፣ የማይታይን ነገር በኮቴው መለየት ነው። ደረቅ ዓለት ሲሰበር ምቱ ስለታም ነው፤ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይጠፋል። ቅልጥ ዓለት ወይም ጋዝ በስንጥቅ ውስጥ ሲገፋ ምቱ ዘገም ይላል። ሳያቋርጥ ሲፈስ ደግሞ ከድስት ሥር እንደሚንተከተክ ሽሮ ለሰዓታት ይርገበገባል። ቦታውን ለማወቅ ፈጣኑን ፒ ሞገድና ተከትሎት የሚመጣውን ኤስ ሞገድ እንጠብቃለን፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ሰከንድ በስምንት ብናባዛው ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግርድፉ ይሰጠናል። አንድ ጣቢያ ግን ርቀትን እንጂ ቦታን በቅጡ አይነግርም። ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል። በአንድ ጆሮ የተሰማ ነገር ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ወሎ ውስጥ አንድ ኮሌጅ የመሬት ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የባቲ፣ የከሚሴ፣ የሐብሩ፣ የቃሉ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያ ዓመት ላይ የምድር ቅርፊት ሳህኖች ስለሚለያዩበት ድንበር ሳስተምር ከመጽሐፉ ካርታ ጀመርኩ። ካርታው አትላንቲክ ውቅያኖስን ነው የሚያሳየው። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። መጽሐፉን ዘጋሁና ሰሌዳው ላይ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ሳልጠይቃት ቀጠለችልኝ፦ “ዲቼቶ፣ ጋላፊ፣ አሳል፣ ታጁራ፣ ኦቦክ።” አገር አይታ አይደለም። ወንድሟ በሄደ ጊዜ በየደረሰበት ስልክ እየደወለ ያስያዛት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስምጥ ሸለቆን የማስተምረው በዚያ መንገድ ነው። የባቲን ቁልቁለት ስንወርድ ከአፍሪካ ሳህን ጠርዝ እየወረድን ነው። ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰች መንደር ናት። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው። ከአጠገቡ ያለው አርዱኮባ በ1971 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ቅልጥ ዓለት አፍስሷል፤ ጫማችንን የበላው የዚያ ሰፈር ጥቁር ድንጋይ ነው። ከአሳል ወዲያ ስንጥቁ ባሕር ይገባና የታጁራ ሰላጤ፣ ከዚያም የዓደን ባሕረ ሰላጤ ይሆናል። ስደተኛው የሚሄደው ከስንጥቁ ጋር ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። እኔም ስለ ሐብሩ ልጅ እነግራቸዋለሁ። ለማስፈራራት አይደለም፤ የዚያን ቦታ ስም ሲጠሩ እሱንም እንዲያስቡት ነው።

መጋቢት 19 ቀን 2007 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የሐርቡው ጓደኛዬ፣ ዓደን የቀረው፣ ደወለ። የመን ጦርነት ውስጥ ገብታለች። ከጀርባው ጩኸት ይሰማል። “ወንድሜ፣ ብረቱ ፈነዳ!” አለኝ። “ተራራው? እሳተ ገሞራ ነው?” እኔ ራሴ ነኝ የጠየቅሁት፤ እሳተ ገሞራው ከሞተ ሚሊዮን ዓመታት እንዳለፉት እያወቅሁ። “እኔ ምን አውቃለሁ፤ ተራራው ይነዳል፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል” አለና ተቋረጠ። ማታ በዜና ተነገረ። የፈነዳው የመሣሪያ መጋዘኑ ነው፤ ሰዎች ሞተዋል።

ሰኞ ክፍል ስገባ ዜናውን የሰሙ ተማሪዎች ነበሩ። አንዱ እጁን አወጣና “መምህር፣ ቦምብ ይሁን እሳተ ገሞራ፣ እዚህ ሆኖ መለየት ይቻላል?” ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ትምህርቱን ትቼ ወደ ሜዳ አወጣኋቸው።

ክብ ሠርተው ቆሙ። አንዱን ጎረምሳ መሃል አስገባሁና ዙሪያውን ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ እንዲገፋ ነገርኩት። ሁሉም ወደ ኋላ ተንገዳገዱ። “ፍንዳታ ይህ ነው” አልኳቸው፤ “በየአቅጣጫው ያለ ጣቢያ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው መገፋትን ነው።” ከዚያ ሁለት ልጆች መሃል ገብተው ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ሌላው ወደ ምዕራብ ዞረው፣ የጀርባቸውን ሰው በገመድ እንደያዙ ወደ ፊት እንዲራመዱ አደረግሁ። ከፊታቸው ያሉት ተገፉ፤ ከኋላቸው ያሉት ተጎተቱ። “ዓለት ሲንሸራተት ደግሞ ይህ ነው። ሁለቱ ወገን ይገፋል፣ ሁለቱ ወገን ይጎተታል። ለመለየት ዙሪያውን የቆመ ሰው ያስፈልጋል፤ በሚገፋው ወገን ብቻ የቆመ፣ ቦምብም ይሁን መንቀጥቀጥ፣ ‘ተገፋሁ’ ነው የሚለው።” ጠያቂው ልጅ ገመዱን እየጠቀለለ “እና ማዶም ሰው መኖር አለበት ማለት ነው” አለ። ማዶ ሲል የባሕሩን ማዶ ማለቱ ነበር።

ማዶም ሰው አለ። የመኖች በ1975 ዓ.ም. ታኅሣሥ 4 ቀን የዘማር መንቀጥቀጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከገደለባቸውና መንደሮቻቸውን ከደመሰሰ በኋላ እዚያው ዘማር ላይ የርዕደ መሬትና የእሳተ ገሞራ መከታተያ ማዕከል አቋቁመዋል። በሚሌኒየማችን መስከረም፣ በ19ኛው ቀን፣ ቀይ ባሕር ላይ ያለችው ጀበል አል ጠይር ደሴት ፈንድታ እዚያ የነበሩ ወታደሮቻቸው ሞተውባቸዋል። የእነሱ እሳት ከእኛ እሳት የተለየ አይደለም፤ ከአፋር የሚነሳው ስንጥቅ አንዱ እጁ ወደ ቀይ ባሕር፣ አንዱ እጁ ወደ ዓደን፣ ሦስተኛው ወደ አዋሽና ወደ ዝዋይ ነው። የእኛ ተመራማሪዎች፣ እነ ገዛኸኝ ይርጉና አታላይ አየለ፣ በዳባሁ ጊዜ ያደረጉትን አድርገዋል፤ ዓለም ያንን ስንጥቅ ያወቀው ከእነሱ ሥራ ጋር ነው። የሚያሳዝነኝ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው እንጂ መዝገብ አለመሆኑ ነው።

አባ ጉዋን በ1979 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከመሣሪያ በፊት የነበረውን ዘመን የሰበሰቡት ከዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻ፣ “በዚህ ሰዓት ቤቴ ተነቃነቀ” ብሎ ከጻፈ ሰው ደብዳቤ ነው። በእኛ አካባቢ በታሪክ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ፍንዳታ በ1853 ዓ.ም. ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ሲገባ ኤርትራ ውስጥ ዱቢ ላይ የደረሰው ነው። ስለዚህ ፍንዳታ ከባሕሩ ማዶ የጻፈው የዓደኑ ብሪታንያዊ ሹም ፕሌይፌር ነው። አመዱ ባሕር ተሻግሮ የመን ወርዷል፤ ድምፁ ፐሪም ደሴት ድረስ ተሰምቶ የመድፍ ተኩስ መስሏል። ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። በ1853 እሳተ ገሞራው መድፍ መሰለ፤ በ2007 መሣሪያው እሳተ ገሞራ መሰለ።

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን የተባሉት እሳተ ገሞራዎች ሲናወጡ፣ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ሲወዛወዝ፣ የኔም ስልክ አላረፈም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው “መቼ ይፈነዳል?” ብሎ ነው። ቀን መናገር አይቻልም፤ ሲቀርብ ግን ኮቴው ይለወጣል፤ ለዚህ ነው ያለማቋረጥ መስማት የሚያስፈልገው። የካቲት 7 ቀን ሌሊት የተሰማው መንቀጥቀጥ 6 መጠን ነበረው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ ደግሞ ሐይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ያለ፣ በታሪክ ፈነዳ ተብሎ ያልተመዘገበ ተራራ። አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ወደ ሰማይ ወጣ። አፍዴራ አካባቢ ግጦሹን ሸፈነው። ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ሰማይ አልፎ ሕንድ ደረሰ። ከሳተላይት የተነሳውን ፎቶግራፍ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ አሳየኋቸው። ልጆቹ አመዱን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ማዶ ሄዱ።

እኔም ወደ ሐርቡው ጓደኛዬ ደወልኩ። ቁጥሩ አይነሳም። ከሁለት ዓመት ወዲህ አይነሳም፤ በእያንዳንዱ በዓል እሞክረዋለሁ። ከተለያየንበት ጊዜ ጀምሮ በመካከላችን ያለው ባሕር፣ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ እየሰፋ፣ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ጨምሯል።

ይህን የምታነቡ፣ ወንድም ወይም እኅት፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ዓደን፣ ሞካ ወይም ሁዴይዳ ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስትደውሉ ደኅንነታቸውን ከጠየቃችሁ በኋላ ኅዳር 14 እና 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰማዩ ምን ይመስል እንደነበር ጠይቁልኝ። አመድ ወርዶ ከሆነ ቀለሙን፣ የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት፣ የነበሩበትን ሰፈር ስም በወረቀት ላይ አስፍሩና አስቀምጡ። ከጀበል ሐዲድ ሥር የቆመ ሰው ካለ ደግሞ፣ የሱን ከሁሉ አስቀድሙልኝ።